ማን ነካው?

እኛ ቤት ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ተብሎ አይደለም፤ «ማን ነካው?» ተብሎ ነው። ቴሌቪዥኑ አልበራ አለ፣ ማን ነካው? ምጣዱ አልግል አለ፣ ማን ነካው? ነኪው ከተገኘ ምርመራው አለቀ። ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ግን እንደማይታወቅ ይቀራል።

ነገሩን ያነሳሁት በሰፈራችን አንድ አሮጌ ስቴሪዮ ሪሲቨር እናትና ልጅን ለወራት አኮራርፎ ስለነበር ነው። የእናትየው ባለቤት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሟቹ በደህና ጊዜ፣ ሁለት ማይክሮፎን በሚሰካበት የካሴት ዴክ የአንድ በዓል ምርቃትና ጨዋታ ቀድተው አስቀምጠው ነበር። አንዱ ማይክሮፎን በእሳቸው እጅ፣ ሌላው በአማታቸው። ሴትየዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ ካሴቱን ሲከፍቱት የእናታቸው ምርቃት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የባላቸው ድምፅ ግን ከሩቅ እንደሚያጉተመትም ሰው ሆኗል።

ማን ነካው? ልጁ! በጎረምሳነቱ ያገኘው ካሴት ላይ ሁሉ ዘፈን ይቀዳ ስለነበር ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። «አባትህን አጠፋህብኝ» አሉት። እሱም «እማዬ፣ አልነካሁም» ብሎ ብሎ ሲሰለቸው ከቤቱ እግሩን ሰበሰበ።

ስቴሪዮ ማለት እንግዲህ ሁለት መንገድ ማለት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት ያመለከተበት ሐሳብ ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ ሰው ሁለት ጆሮ እንዳለው ሁሉ ድምፅም በሁለት መንገድ ተቀድቶ በሁለት መንገድ ይምጣለት። ክፋቱ፣ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው ምንም እንዳልተፈጠረ መዝፈኑን ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ዝም ቢል ኖሮ «ተበላሽቷል» ብለን እንገላገል ነበር። ሬዲዮ ሲከፈት ደግሞ የዜና አንባቢው ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሚመጣ፣ አንዱ ጎን ቢሞትም ልብ የሚል የለም።

የተዘጋውን መንገድ ማግኛው ዘዴ ማቀያየር ነው። ሪሲቨሩ ይጠፋል፤ የግራው ስፒከር ገመድ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙ በግራው ቦታ ይታሰራል። ከዚያ ሲከፈት ዝም ያለው ያው የቀድሞው ስፒከር ከሆነ ችግሩ የስፒከሩ ወይም የገመዱ ነው። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ግን ስፒከሩ ነፃ ወጣ ማለት ነው። በሴትየዋ ቤት ዝምታው ተዛወረ። ቀጥሎ ካሴቱ ቀርቶ ሬዲዮ ተከፈተ፤ አሁንም ያው ጎን ዝም። ስለዚህ ካሴቱም ዴኩም ነፃ ናቸው፤ ሕመሙ ያለው ሪሲቨሩ ውስጥ ነው።

ለነገሩ ማንም ሳይነካካ፣ ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ልጁን ነፃ ማውጣት ይቻል ነበር። በተራ የካሴት ዴክ አዲስ ነገር ሲቀዳ ማጥፊያው የዚያን ገጽ ግራና ቀኝ አንድ ላይ ነው የሚጠርገው። ልጁ ዘፈን ቀድቶበት ቢሆን ኖሮ አባቱ ብቻ ሳይሆኑ አያቱም አብረው በጠፉ ነበር። የአሮጊቷ ምርቃት ጥርት ብሎ መሰማቱ የልጁ ምስክር ነበር። ምስክሩን ሁሉም ሰማ፤ ማንም ግን ምስክር ነው ብሎ አላሰበም።

ጥፋተኛዋ የባላንስ ማዞሪያዋ ሆና ተገኘች። ለዓመታት ሳትነካ ቆማ ውስጧ አቧራና ዝገት ይዞ ነበር። ስትዞር «ጭርርር» ትላለች፤ ዝም ያለውም ጎን ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሪሲቨሩ ከሶኬት ተነቅሎ በሠራተኛ እጅ ተከፈተ (ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ላልለመደ ሰው አይመከርም)። የኮንታክት ማጽጃ ተነፋባት፤ ግራና ቀኝ ደጋግማ ተሽከረከረች፤ እንዲደርቅ ተተወ። ሰውየውም መጡ። እንደ ልማዳቸው የአማታቸውን ምርቃት አቋርጠው ሲያስቁ ተሰሙ። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ሲያበቃ «መምህር፣ እስቲ ለልጁ ደውልለት፤ ዶሮ ሠርታለች በለው» አሉኝ።

የእኛ አገር ወላጅ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚህ ነው። ልጁ መጣ፣ በላ፣ ካሴቱንም ወደ ስልኩ ቀዳ። ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተነገረም። ብዙ ሰው «ምን ጎደለ? ታርቀው የለ!» ይል ይሆናል። እኔ ግን ጎድሏል ባይ ነኝ። ክሱ በቃል ተነግሯል፤ ያውም ጎረቤት እየሰማ። ነፃነቱ ግን በወጥ ብቻ ተገለጸ። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ሰምቶ የበደለውን «ካሥ» በሚልበት አገር፣ እናት ለልጇ «በከንቱ ጠርጥሬሃለሁ» ብትል ክብሯ የሚቀንስ አይመስለኝም። ዶሮውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር።