ማክሰኞ ቀን ገንፎ ይጣፍጣል?

አውዳመት ሳይደርስ እንነጋገር፤ በዓል ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስረግማል። የበዓል ምግቦቻችን እውነት ይጣፍጣሉ? ወይስ ስለምንናፍቃቸው ነው?

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። መመዘኛዬ ቀላል ናት፦ ምግቡን ከበዓሉ ነጥሎ፣ ተራ ማክሰኞ ቀን፣ ብቻን መብላት። (ረቡዕ እንዳልል ጾም ነው።)

ዶሮ ወጥ ያልፋል። “55 ቀን ጾሞ ለሚፈስክ ሰው ምን የማይጣፍጥ አለ?” የሚል አይጠፋም። ግን ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ፣ ቅመሙ የገባበት ዶሮ ወጥ ማክሰኞም ይበላል። ጩኮ ደግሞ በማዕረግ ያልፋል። የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ስንቅ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም ይባላል። ዶርም ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን አትጠይቁኝ፤ አንድ ማታ ነው።

የሚወድቀው ገንፎ ነው። በኦሮምኛ ማርቃ የምንለው፣ በእኛ ቤት የመስቀል ዋና ምግብ። ባለፉት ዓመታት በአንዱ መስከረም 17፣ በምዕራብ ሸዋ በነበረው ግጭት መንገዱ አስፈርቶኝ ከአዲስ አበባ አምቦ መሄድ ቀረብኝ። በኪራይ ቤቴ ሆኜ፣ እናቴ በስልክ እያዘዘችኝ (“አማስል! እጅህን አታሳርፍ!”) ገንፎ ገነፋሁ። ዱቄቱም ቅቤውም እሷ ቀደም ብላ የላከችው ነበር። ብቻዬን ስበላው ግን ትኩስ ሊጥ ሆነብኝ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ አቆምኩ።

አምቦ ቢሆን አንድ ቆሪ ከበን፣ የአክስቴ ልጆች የገንፎውን ግድግዳ እየናዱ ቅቤውን ወደ ራሳቸው ሲያፈሱ፣ አያቴ እጃቸውን በማንኪያ ስትመታ፣ ጣዕሙን ማን ያስታውሳል?

እናም ፍርዴ ይህ ነው፦ ዶሮ ወጥ ምግብ ነው፤ ገንፎ ግን ቃለ ጉባኤ የሌለው ስብሰባ ነው። ዶሮ ወጥ አይጠፋም፤ ሆቴሉ ሁሉ ይሸጠዋል። ሰው ቤተሰቡ ጋ መሄድ ሲያቅተው ቀድሞ የሚጠፋው ያ ብቻውን የማይጣፍጠው ነው። ስለዚህ እናቴ ደውላ “ለመስቀል ትመጣለህ?” ስትል የምትጠይቀኝ ስለ ምግብ አይደለም።

ብቻ መንገዱ ሰላም ይሁን። የማይጣፍጠውን ገንፎ እስክጠግብ እበላለሁ። ማወራረጃው እንደሆነ አምቦ ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ የአገራችን ነው።