አንድ መስመር ለሦስት ኮምፒዩተር

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከግርጌዋ ባለው ደን ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ሴቻ ያለው ቤታችን ግን ያለው የኢንተርኔት ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 4 ሜጋቢት። የሚቀዱበትም ሦስት ኮምፒዩተሮች ናቸው፦ የእኔ፣ የባለቤቴና በርቀት የምትማረው የታናሽ እህቴ።

አንድ ምሽት ከኢሻ ሰላት በኋላ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን አምስት የትምህርት ፊልሞች ማውረድ ጀመርኩ። እህቴ «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱን ዛሬ ምን ነካው?» ብትለኝ «እንደ ልማዱ ነዋ!» ብዬ አለፍኳት። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ማስገባት የነበረባት የቤት ሥራ ሳይገባላት ቀረ። እንባዋን ሳይ ደነገጥኩ።

በኋላ ሳሰላው፣ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። እያንዳንዳቸው 900 ሜጋባይት የሆኑት ፊልሞቼ መስመሩን ብቻቸውን ቢይዙት እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ። የቤታችን ራውተር መስመሩን ለሁሉም ያዳርሳል እንጂ የማን ጉዳይ እንደሚቀድም አያውቅም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እህቴን አውፍ በይኝ አልኳት። ዛሬ ከባድ ነገር የሚወርደው ሁሉም ሲተኛ ነው፤ ፈተና ወይም የቤት ሥራ ያለበት ሰው ይቀድማል። በክፍል ውስጥ ስለ ሰው ሐቅ የማስተምር ሰው፣ በገዛ ቤቴ ተማሪ ሆኜ ተገኘሁ።