በነቀምቴ ጓሮ ያየነው የዓሣ ኵሬ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ነቀምቴ የደረስነው በታኅሣሥ ወር ነበር። መንገዱ በአምቦና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮ ሲወርድ ሙቀቱ ካፖርታችንን አስወለቀን፤ ነቀምቴ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፥ የማታው ብርድ መልሶ አስለበሰን። የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ከጐበኘን በኋላ በአንድ ወዳጃችን ቤት አደርን።

ወዳጃችን በጓሮአቸው፥ ከሙዙ ሥር፥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚያረቡበት ኵሬ አላቸው። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለልጆቻቸው የትምህርት ወጪ የታሰበ ነው። በማግሥቱ ጧት ሊያሳዩን ይዘውን ቢወጡ፥ ሰባት ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ የቀሩትም አፋቸውን ከውኃው ገጽ አውጥተው አየር ይሻሉ። ባለቤታቸውም «መብላት ቢተዉ ታመዋል ብዬ ትናንት ፉርሽካ ጨመርሁላቸው» ብለው አዘኑ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያው ከርኅራኄው ነበር። ቆሮሶ የሙቅ ውኃ ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ይፋፋል፥ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፥ ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ ይሞታል። የነቀምቴ ኵሬ ባይረጋም፥ ጥልቀቱ ከጕልበት የማያልፍ ውኃ በበጋ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ያልተበላው ፉርሽካም ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ከውኃው ውስጥ ይጨርሳል።

ውኃ በሚረጋባቸው በአውሮፓ አገሮች እንኳ እንደ ካርፕ ያለው ብርድ ቻይ ዓሣ በኵሬ ይከርማል። ውኃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነውና፥ በረዶው ከላይ ሲጋገር ከታች ፈሳሹ ይቀራል፤ ዓሣውም በጥልቁ ያርፋል። ሰዎቹም ምግብ ይከለክሉታል፥ የታፈነው አየር እንዲወጣም በበረዶው ላይ ቀዳዳ ይጠብቃሉ።

በዚያው ቀን የሞቱትን ዓሦችና የበሰበሰውን ፉርሽካ አወጣን፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ንጹሕ ውኃ ጥቂት በጥቂት ጨመርን፤ ጥላ ያጠላበትንም የሙዝ ቅጠል ቈረጥን። ወዳጃችንም ኵሬውን ከ1 ሜትር በላይ ሊያጠልቁት ቈረጡ። ወደ ሠርክ የቀሩት ዓሦች ከገጹ ተመልሰው ወደ ታች ገቡ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ፈጣሪ በዕለተ ሐሙስ የፈጠራቸውን ዓሦች እንድንገዛ አደራ ሰጥቶናል። ለፍጥረት የሚራራ ሰው አስቀድሞ የፍጥረቱን ጠባይ ይወቅ። የቤቱ እመቤትም ስንሰናበታቸው «ከእንግዲህስ የሰጠኋቸውን መብላታቸውን ሳላይ ሁለተኛ አልጨምርም» አሉን።