ከከተማ ወጥቶ ስለ መክተም

ከተማ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ዛሬ በልቡ የሚሥለው የድንጋይ ቤትና የአስፋልት መንገድ፥ የገበያ ጫጫታና የመኪና ጢስ ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ከተማ ማለት ንጉሥ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የከተመበት ስፍራ ማለት ነበረ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በድንኳን ነበረና፥ ማገዶውና ቀለቡ ሲያልቅ ከተማው ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ በተቈረቈረች ጊዜ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነጭፍሮቻቸው በተሰጣቸው ጕብታ ላይ ሰፈሩ። የከተማዋ ክፍል ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈር መባሉ፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው ሳያስበው በየቀኑ የድንኳን ቃል ይናገራል ማለት ነው።

ቃሉ ቢቀርም ግብሩ ተረስቷል። የዛሬው የከተማ ሰው ከከተማ ወጥቶ አንድ ሌሊት ማደር ለመኪና ባለቤቶች ብቻ የተፈቀደ ይመስለዋል። መኪና የሌለው ሰው ዓመቱን በሙሉ የእንጦጦን ተራራ ከመስኮቱ እያየ ይኖራል፤ ቢጠየቅም «በምን እሄዳለሁ?» ብሎ ይመልሳል። የዚህ ጽሑፍ ነገር «በምን እሄዳለሁ?» ብሎ ስለ ጠየቀና መልሱን ስላገኘ ስለ አንድ ሰው ነው።

ይህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል፥ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ብቻ የሚበቃ ሰው ነው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለው። በአንድ የበዓል ዕረፍት ማግስት መምህሩ ተማሪዎቹን በየተራ አስነሥቶ «የት ነበራችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ከአባቱ ጋር በመኪና ወደ ላንጋኖ ሄጄ ነበር አለ፤ ሌላውም እንደዚሁ አለ። ተራው በደረሰ ጊዜ የጸሐፊው ልጅ ከቤቱ ደጅ እንኳ ያልወጣ ሲሆን «እኔም ላንጋኖ ነበርሁ» ብሎ ተቀመጠ። ይህንም ነገር አባቱ ከሌላ ልጅ አፍ ሰማ።

አባት የሆነ ሰው የዚህ ሐሰት ሕመም ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል። ልጁን ሊቈጣው ወደደና ሐሰቱን የወለደው የእርሱ ድህነት መስሎ ስለ ታየው ዝም አለ። በማግሥቱም ለመኪና መግዣ ገንዘብ የሚበደርበትን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ብድሩ ለብዙ ዓመት ከደመወዙ ሢሶውን የሚወስድ ነበረ። ሚስቱ ወረቀቱን ካነበበች በኋላ፥ «ልጁ ያጣው አገሩን ማየት ነው ወይስ መኪናውን? አንተ መጀመሪያ አገሩን አሳየው፤ ወረቀቱ የትም አይሄድም» አለችው።

ልጁ ቢስክሌት መንዳት የተማረው መንገድ ለሰው በተባለው ቀን ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ እሑድ ጧት ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ሕፃናት በአስፋልቱ ላይ ሲጫወቱ ይውሉ ነበርና፥ እርሱም በተከራየው ቢስክሌት እየወደቀና እየተነሣ በዚያ ሠለጠነ። ስለዚህ አባትየው ለእርሱ ያገለገለ ቢስክሌት ገዛለት፤ ለራሱ ደግሞ ከጎረቤት ተዋሰ። ከአንድ ወዳጁም ትንሽ ድንኳን ለመነ።

በቢስክሌትና በድንኳን የሚደረገውን ጉዞ ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች አንዱ ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። ይህ ሰው ባለጸጋ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊ ነበረ። ለቢስክሌት የሚሆን ቀላል ድንኳን በሙያው አዘጋጅቶ በአየርላንድ ኮኔማራ በተባለው አገር ተጓዘ፤ ስለዚሁም ጉዞ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። በ1901 ዓ.ምም ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር የቢስክሌት ሰፋሪዎችን ማኅበር መሠረተ። የዚህ ሰው ጥበብ ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰው ራሱ የሚገፋውን ሸክም ራሱ ይመዝናል። በመኪና የሚሄድ ሰው ቤቱን ሁሉ ሊጭን ይችላል፤ በእግሩ ኀይል የሚሄድ ግን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ «ያስፈልገኛልን?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን ጥያቄ የአገራችን የቆሎ ተማሪ ከሆልዲንግ እጅግ አስቀድሞ መልሶታል። ለምዱን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከጎጃም እስከ ዋድላ ቅኔ ፍለጋ ሲሄድ ከዚህ የተረፈ ሸክም አልነበረውም።

አባትና ልጅም በኅዳር ወር ቅዳሜ ጧት ከ12 ሰዓት በፊት ተነሡ። የያዙት ድንኳኑን፥ ሁለት ብርድ ልብስ፥ በሶና ዳቦ ቆሎ፥ ውሃ፥ የጎማ መንፊያና መለጠፊያ ብቻ ነበረ። ወደ ሰበታ ከሚሄደው ሚኒባስ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ረዳቱ ቢስክሌቶቹን አይቶ «ጋሼ፥ ይኸ ጭነት ነው፤ ይከፈልበታል» አለ። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ተስማሙ፤ ቢስክሌቶቹም በጣራው ላይ በገመድ ታሰሩ። ልጁ ግን የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ተቀመጠ። አባቱም ይህን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ዱር የሚወስደው መንገድ ዳገትና ጠጠር የበዛበት ነው። ዱሩ ያለው በወጨጫ ተራራ ላይ ሲሆን፥ የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከእኩሌታው ሳይደርሱ የአባትየውን ጎማ እሾህ በሳው። በወረቀት ሥራ ላይ የኖረው ጸሐፊ መለጠፊያውን በእጁ ይዞ የሚያደርገውን አጣ። ልጁ ግን ከሰፈራቸው ጎሚስታ ደጅ ቆሞ ሲያይ ይውል ነበርና ጎማውን ፈታ፤ የውስጡን ጎማ ነፍቶ የሚተነፍስበትን በምራቁ ፈለገ፤ ፍቆም ለጠፈ። አባትየው ልጁ እንዲህ ያለ እጅ እንዳለው እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቅም ነበር። የቀረውንም ዳገት አብዛኛውን ቢስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ወጡት።

ከዱሩ በር ደርሰው የሚገባውን ከፈሉ፤ ጠባቂውም የሚያድሩበትን ሜዳ አሳያቸውና እሳት እንዳያነዱ አስጠነቀቃቸው። የዚህ ዱር ጥድ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ፍሬ አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ጥዱ፥ ዝግባው፥ ወይራውና ኮሶው እርስ በርሱ ተቃቅፎ ቆሟል፤ ጕሬዛው ነጭ ካባውን እያርገበገበ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ለረጅም ሰዓት አልተናገረም። ቀጥሎም፥ «አባባ፥ ይኸ ሁሉ ከቤታችን ይህን ያህል ቅርብ ነበረን?» አለ።

ሌሊቱ እጅግ ቀዘቀዘ። ጅብ ከሩቅ ሲጮኽ ልጁ ወደ አባቱ ተጠጋ። በጨለማውም ውስጥ፥ «አባባ፥ እኔ ለመምህራችን ላንጋኖ ሄጃለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ» አለው። አባትየው ብዙ ዝም ካለ በኋላ እርሱም የራሱን ተናገረ። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት በመጣ ጊዜ አባቱ ሁለት ቀን በእግር አብሮት ተጕዞ፥ ጥሬውን ተሸክሞለት፥ ሌሊት ከዛፍ ሥር ጋቢውን አልብሶት ነበር ያደረሰው። የከተማ ልጆች «በምን መጣህ?» ባሉት ጊዜ ግን «በአውቶቡስ» ብሎ መለሰ። አባቱም ያን ጊዜ ከኋላው ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ምንም አልተናገረውም። አሁን ሞቷል። «እኔ በዚያ መንገድ ያፈርሁበት ሰው ይቅርታ ሳልጠይቀው ሄደ። አንተ ግን ፈጥነህ ተናግረሃልና ከእኔ ትሻላለህ» አለው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም አንቀላፉ።

በማግሥቱ ቍልቍለቱን በቢስክሌት ሲወርዱ ፍሬን እየያዙ ይሥቁ ነበር። በሚኒባሱም ውስጥ ልጁ ኮፍያውን በጕልበቱ ላይ አኑሮ፥ ፊቱን ገልጦ ተቀመጠ። ሰኞ ዕለት ለመምህሩ እውነቱን ነገረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሣቀበት፤ ሁለቱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንሂድ አሉት። የብድሩ ወረቀት እስካሁን ሳይፈረምበት በሣጥን ውስጥ አለ። አባትየው መኪና ክፉ ነው አላለም፤ የታመመን ሰው በሌሊት ሐኪም ቤት ማድረስ ሲያስፈልግ የመኪናን ጥቅም የማያውቅ የለም። የተማረው ይህን ብቻ ነው፤ በልጁ ፊት የነበረውን ኀፍረት በዕዳ ሊከፍለው አስቦ ሳለ፥ አንድ ሌሊትና ጥቂት የመንገድ ሒሳብ በቃው።

አንባቢ ሆይ፥ ከቤትህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ያላየኸው ስንት ተራራና ስንት ዱር እንዳለ ቍጠር። ለመውጣት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የሚያዝል ሸክም አትያዝ፤ ባለቦታውን አስፈቅድ፤ እሳትህን ተጠንቀቅ፤ ቍሻሻህን ይዘህ ተመለስ። ከተማ የምትለው ሰፈር ራሱ ትናንት ድንኳን ነበርና፥ ከከተማ ወጥቶ የሚከትም ሰው ወደ ባዕድ አገር አልሄደም፤ አባቶቹ ባደሩበት አደረ።