የጉዱ ካሳ ጎረቤቶች፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሰበታ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገናን አለፈ። በስተቀኝ ወጨጫ ተራራ ደመና ለብሷል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ልብ ወለድ በጆሮም እንደሚነበብ የማስበው እዚህ ስደርስ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) ብዙ ሰው ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ወጋየሁ የመጽሐፉን ገጸ ባሕርያት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የጉዱ ካሳን ሐሳብ፣ በየራሳቸው ድምፅ አሰምቷል። አድማጩ ሰዎቹን ያወቃቸው በመልካቸው ሳይሆን በሚብሰለሰሉበት ነገር ነው።

ቡራዩ

በአስኮ በኩል የአምቦን መንገድ ያዝን። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ ነው፤ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያም እዚሁ አለ።

«ወራጅ አለ!» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ምግብ የቋጠሩበትን ፌስታል እያነሱ።

«ማንን ሊጠይቁ ነው፣ እማማ?»

«ልጄን። አሁንማ ተመስገን፣ ሲያየኝ ስሜን ይጠራል።»

እሳቸው ከወረዱ በኋላ የሰውን አእምሮ ስለሚመረምሩ ልብ ወለዶች አሰብኩ። የዶስቶየቭስኪ ገጸ ባሕርይ ራስኮልኒኮቭ በጠባብ ክፍሉ ከራሱ ጋር ተሟግቶ ይገድላል፤ ከፍርድ ቤት በፊት የሚቀጣውም ሕሊናው ነው። የእኛ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን ቤተ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962) አበራ ወርቁ ሠዓሊ መሆን ሲያምረው፣ ከራሱ ጋር የጀመረው ሙግት ውስጥ ታላቅ ወንድሙ ይገባበታል። በአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» (1997) መዝገቡ የልጅነት ቁስሉን ተሸክሞ ያድጋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ»ን ይዞ ወደ ልብ ወለድ መጣ። ይሉኝታ፣ ቤተሰብና የሰፈር ወሬ የሥነ ልቦናችን አካል መሆናቸውን እነዚህ ደራስያን አሳይተውናል።

ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተነስተን እንጦጦን ስንሻገር ብርዱ ተቀበለን። ሜዳው ላይ አትሌቶች ይሮጣሉ። መንገዱ የጎጃም ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ ወደበቀለበት አገር ያደርሳል። ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው አእምሮውን ስቶ አይደለም፤ ጎረቤቶቹ የተቀበሉትን ሥርዓት ስለነቀፈ ነው። መንደሩ ስም አወጣለት፤ ደራሲው ግን አስቀምጦ አናገረው፣ እስከ መጨረሻውም አዳመጠው። ለእኔ የሥነ ልቦና ልብ ወለድ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ዛሬ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ በየሰፈሩ አዳዲስ ጎረቤታሞች ይገናኛሉ። አንባቢ ሆይ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካነበብክ ቆይተህ እንደሆነ የጉዱ ካሳን ንግግሮች ደግመህ አንብብ። ከዚያም በሰፈርህ «እብድ» የሚባለውን ሰው በስሙ ጠርተህ ሰላም በለው።