በልጅግ የተወለደበት ከተማ

ሰው አገር ሲጐበኝ ያየው ነገር ለዐይኑ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ያየሁትንና ከዚያ ተመልሼ በእናቴ ቤት ያገኘሁትን በአጭሩ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

አያቴ ማይጨው የዘመቱበት ጠመንጃ በእናቴ እልፍኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። እኛ ልጆቹ «በልጅግ» እያልን ስንጠራው አደግን እንጂ ይህ ስም የአገር ስም መሆኑን ያወቅነው ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ወደዚያ አገር ለመሄድ ዕድል ባጋጠመኝ ጊዜም የጠመንጃውን ትውልድ ሳላይ አልመለስም ብዬ ቈረጥሁ።

ሊዬዥ በሜዝ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠራች፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት ሥራ ያበለጸጋት ከተማ ናት። በቀድሞው ዘመን ጠመንጃ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በየሰዉ ቤት ነበር፤ ይኸውም አንዱ አፈሙዙን፤ ሌላው ምላጩን፤ ሌላው ሰደፉን እየሠራ ለነጋዴው ያስረክብ ነበር። ከተማዋን ይገዛ የነበረው መስፍን ጳጳስ በ1672 (ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) አፈሙዝ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ከልኩ በላይ ባሩድ ጐርሶ በመተኰስ እንዲፈተን ዐዋጅ አወጣ። ፈተናውን ያለፈ አፈሙዝ ማኅተም ይመታበታል። የፈተናው ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን ይሠራል። የማኅተሙም መልክ በእንቍላል ቅርጽ ውስጥ የተጻፉ ኢ፥ ኤል፥ ጂ (ELG) የሚባሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና አንዲት ኮከብ ነው፤ ከ1893 ወዲህ ዘውድ ተጨምሮበታል። እንግዲህ የድሮ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘውዱን አይተው ዘመኑን ይለያሉ።

በወንዙ ዳር ግራን ኩርትዩስ የሚባል ቀይ ቤተ መዘክር አለ። ቤቱን በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራው የባሩድ ነጋዴ ነበር፤ በ1885 የተቋቋመው የጦር መሣሪያ ስብስብም ዛሬ የሚታየው በዚሁ ነው። እኛ «አልቤን» የምንለውን፤ የቤልጅግ ጦር በ1867 የያዘውን ጠመንጃ ሳይ፤ የአገሬን ሽማግሌ በባዕድ አገር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። በከተማዋ አጠገብ ባለችው በኤርስታል ደግሞ የሊዬዥ ጠመንጃ ሠሪዎች ተባብረው ለመንግሥታቸው 150,000 የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት በ1889 ፋብሪካ አቋቋሙ። የቤልጅግ መኰንኖች በ1930 የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን ወደ አገራችን መጥተው ነበር፤ በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ከተላኩት የዚህ ፋብሪካ ጠመንጃዎች በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል።

በቤተ መዘክሩ ውስጥ ከአንድ ጠመንጃ ሰብሳቢ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁና የአያቴን ጠመንጃ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ማኅተሙን በማጉያ መነጽር አይተው እጅግ ደስ ካላቸው በኋላ፤ «ጌታዬ፤ ጥይት አለመጕረሱን ያየው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሥሩ ተቀምጬ ያደግሁ ሰው ስሆን የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የአገራቸውን ሕግ አስረዱኝ። በግንቦት 2006 አንድ ወጣት በአንትዌርፕ ከተማ ያለ ፈቃድ በዚያው ቀን ከሱቅ በገዛው የአደን ጠመንጃ አንዲት ሴትና አንዲት ሕፃን ገደለ። በሚከተለው ወር ጥብቅ ሕግ ወጣ። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ከክፍለ አገሩ ገዢ ፈቃድ ይቀበላል፤ የሚሰበስበው በየትኛው ዘመን ወይም ዐይነት እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ መሣሪያውንም ቈልፎ ያስቀምጣል። ለጊዜው ግን አንዳንድ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ለታሪክና ለጌጥ ናቸው ተብለው በተለየ መዝገብ ስለ ተጻፉ ያለ ፈቃድ ይያዙ ነበር። በ2011 በዚያችው በሊዬዥ በቅዱስ ላምቤር አደባባይ አንድ ሰው በቦምብና በጠመንጃ ሰዎችን ገደለ፤ በ2013 ያ መዝገብ ተሻረ። ሽማግሌውም፤ «ወረቀቱ አድክሞኛል፤ ነገር ግን ማርጀቱን የምናውቅ እኛ ነን እንጂ ጠመንጃው አያውቅም» አሉኝ።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ ይህን ለእናቴና ለታላቅ ወንድሜ ነገርኋቸው። ወንድሜ «ካስታወቅን ይወስዱብናል፤ የአባታችንን አባት አጥንት አሳልፈን እንደ መስጠት ነው» ብሎ ተቈጣ። እናቴ ግን አንድ ጡረተኛ ወታደር ዘመዳችንን አስጠሩ። እሱም ሁላችንን ከእልፍኝ አስወጥቶ መዝገያውን ቢስበው፤ ሦስት ጥይት ወጣ፤ አንዱ ለመተኰስ እንደ ተዘጋጀ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ግድግዳ ሥር ኳስ ሲጫወቱ የኖሩት እናቴ ጥይቱን በመዳፋቸው ይዘው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ወንድሜም ከዚያ ወዲህ አልተከራከረም።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ለፖሊስ አስታውቀን ማመልከቻ ጻፍን፤ ጠመንጃውም ጕዳያችን እስኪታይ ድረስ በፖሊስ እጅ ነው። ውሳኔው ያስጨንቀናል። በባዶው ችንካር ላይ ግን የአያቴን ሥዕል ሰቅለናል፤ ጠመንጃውን ማን እንደ ያዘው፤ የት እንደ ዘመተበት እናቴ ሲናገሩ የጻፍሁት ወረቀትም ከሥዕሉ ኋላ ተቀምጧል።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ቅርስ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፤ ልጅ እንዳይነካው ጠብቁ፤ ሥራውን የማያውቅ ሰው አይፈታታው፤ ለሚመለከተው ክፍል አስታውቁ፤ ታሪኩንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ አስጽፉ። ብረት ቢወሰድ እንኳ የተጻፈ ታሪክ ከቤት አይወጣምና።