የዴሙ ጤና አዳም

ካርቱም በገባሁበት በ2000 ዓ.ም. ዴም በተባለው ሰፈር፣ እንደ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች፣ ከአንዲት ሱዳናዊት እናት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቀን ሰው ቤት እሠራለሁ፤ ከደመወዜ ላይ ኪራዩ ሲነሣ ለእናቴ መድኃኒት የምልከው ገንዘብ ሁልጊዜ ይጎድል ነበር። ያንን ጉድለት የሞላልኝ ጤና አዳም ነው ብል ማን ያምነኛል?

በሰፈራችን ቡና አፍልተው የሚያድሩ እኅቶች ነበሩ። ሱዳናውያኑ ቡናቸውን በዝንጅብል ይወዳሉ፤ ሐበሻው ግን ከሲኒው ላይ ጤና አዳም ካላየ ቡና የጠጣ አይመስለውም። በመተማ በኩል የሚመጣው ደግሞ እስኪደርስ ይጠወልጋል። አንድ ቀን ከመጣልኝ እስር ውስጥ ነፍስ ያላቸውን አምስት ዘለላዎች መርጬ፣ የታች ቅጠላቸውን መልምዬ፣ ሥሩን በምስማር በበሳሁት የወተት ዱቄት ጣሳ ተከልኋቸው።

ሁሉም ሞቱ። ጤና አዳም የደጋ ልጅ ነው፤ ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በግንቦትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይህን ፈርቼ ጧት ማታ ውሃ አጠጣው ነበር። የገደለው ግን ፀሐዩ ሳይሆን ይኸው ርኅራኄዬ ነው፤ ሥሩ በስብሶ አገኘሁት። አፈሩም አልረዳኝም። ከጅሬፍ የጡብ መሥሪያዎች አቅራቢያ ያመጣሁት ደለል ዓባይ ካገራችን ጠርጎ የወሰደው ነውና፣ የአገሩን አፈር አይጠላም ብዬ ተደስቼ ነበር። ሲደርቅ እሱም ጡብ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ እኩሌታውን አሸዋ ቀላቀልሁበት፤ ጣሳዎቹን የጧት ፀሐይ ብቻ ከሚያየው መስኮት ሥር ደረደርሁ፤ ጣቴን ወደ አፈሩ ሰድጄ እርጥበት ካላጣሁ በቀር ውሃ ላለመስጠት ማልሁ።

የቤቲቱ ባለቤት ሐጃ፣ አጠገቡ የዘራሁትን በሶብላ ገና ሲሸታት «ሪሃን!» ብላ ፈገግ አለች። የጤና አዳሙን ሽታ ግን ጨርሶ አልወደደችውም። ይውጣልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ተጣልታኛለች። ይህችው ሴት፣ ሥራ ላይ ሳለሁ የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቀን፣ መስኮቴ ክፍት መቅረቱን አይታ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ራስዋ ክፍል አግብታ፣ በነጠላ ሸፍና ጠበቀችኝ። «ያ ብቲ፣ የእናትሽ መድኃኒት ነው አላልሽም?» አለችኝ። መድኃኒቱን በሱ ዋጋ እንደምገዛ ነበር የነገርኋት፤ እሷ ግን ቅጠሉን ራሱን መስሏታል። አላረምኋትም።

አንድ እስር በአንድ ፓውንድ ሸጥሁ። አዲሱ ፓውንድ ዲናርን ከተካ ብዙም አልቆየምና ሰው ሁሉ በአሮጌው ቆጠራ «ሺህ» ይለዋል፤ ሺህ ሺህ እያልሁ ስቆጥር ሀብታም የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ ስቆርጥ ፈሳሹ የነካው እጄ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ ወዲህ የምቆርጠው ከመሸ በኋላ፣ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ሆነ። ለነፍሰ ጡሮችም አልሸጥም ነበር፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አሥራ አራት ጣሳ ነበረኝ። ሰኔ ላይ በገዳሪፍ አድርጌ ወደ መተማ ስወጣ ሁሉንም ለሐጃ ትቼላት ነው። ስልኳ ከዚያ በኋላ አልሠራልኝም። ጎንደር እናቴ ጓሮ ውስጥ ጤና አዳሙ እስከ ወገቤ ደርሷል፤ ጎረቤት ሁሉ ሳያስፈቅድ ገብቶ ይቀነጥባል።